ፍሪሲዮን ቀይራችሁ ካምቢዮ ስትመልሱ፦ ከመኪናው ስር ለተኛው ሰው

የዛሬው ጽሑፍ ስለ ደም ግፊትም ስለ ጨጓራም አይደለም፤ ስለ ፍሪሲዮን ነው። «ዶክተር ከመቼ ወዲህ መካኒክ ሆነ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ታገሱኝ፣ ወደ ደረትና ኩላሊት እንደርሳለን።

ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚወስደው መንገድ ሐይቅን፣ ውጫሌንና መርሳን አልፎ ይሄዳል። ሐይቅ ወደ 2000 ሜትር፣ ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ የአምባሰልን ዳገት ደግሞ የነዳበት ያውቀዋል። ሚኒባሱን ሙሉ ጭኖ ዳገት ላይ በፍሬን ፋንታ በግማሽ ፍሪሲዮን ይዞ ሰው የሚያወርድ ሹፌር ሸራውን እያቃጠለው ነው። ሸራው ሲያልቅ መኪናው ዳገት እምቢ ይላል። ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ማስጎተት ደግሞ ሌላ ወጪ። ስለዚህ ብዙ ሰው ግቢው ውስጥ ከረዳቱና ከወንድሙ ጋር ሆኖ ካምቢዮውን ራሱ ያወርዳል። አትሥሩ አልልም፤ ብልም የሚሰማኝ የለም።

(በነገራችን ላይ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቮላኖ፣ ኩሽኔታ፣ ክሪክ፣ ሁሉም የጣሊያን ቃላት ናቸው። በ1881 ዓ.ም. እዚሁ አምባሰል የተፈረመው የውጫሌ ውል በአንቀጽ 17 አጣልቶን ወደ ዐድዋ ወሰደን። ጣሊያን ሁለት ጊዜ መጥቶ ሁለት ጊዜ ወጣ፣ ቃላቱ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀሩ።)

ሐይቅ ውስጥ ብዙ ዓመት የሠሩ አንድ መካኒክ ጠይቄያቸው ነበር። «ማውረዱ ቀላል ነው ዶክተር፣ ሰው የሚጎዳው ሲመልስ ነው» አሉኝ። ነገሩ ከሕክምናው ጋር ይገጥማል። ስታወርዱ ክብደቱ ራሱ ያግዛችኋል። ስትመልሱ ግን ከ30 እስከ 50 ኪሎ የሚመዝን ብረት በጀርባችሁ ተኝታችሁ፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ፣ ወደ ላይም ወደ ፊትም ትገፋላችሁ። መሽቷል፣ ደክሟችኋል፣ ነገ ሥራ አለ። አልገባ ሲል መነቅነቅ ይጀመራል። ያን ጊዜ ካምቢዮው ብቻ አይደለም የሚነቃነቀው፣ ክሪክ ላይ ያለው መኪናም አብሮ ነው።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። እኛ አገር ዳገት ላይ ሲቆም «ማርሽ አስገብቼ ነው ያቆምኩት» ማለት ልማድ ነው። ማርሽ መኪናን የሚይዘው ግን ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ጎማው ተያይዘው ሲቆዩ ነው። ካምቢዮው ሲወርድ፣ ወይም ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ገና ሲፈታ፣ ያ መያዣ የለም። የእጅ ፍሬን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው፤ እነሱን በክሪክ ካነሳችኋቸው እሱም የለም። እንግዲህ አምስት ደቂቃ በፊት ተይዞ የነበረው መኪና አሁን ነፃ ነው፣ እናንተ ደግሞ ከስሩ ናችሁ። ሥራው ደልዳላ መሬት ላይ ይሁን፤ መሬት ላይ በሚቀሩት ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ ይግባ፣ አንድ ጠጠር ሳይሆን በደንብ የተሸጎጠ።

ክሪክ ማንሻ እንጂ መያዣ አይደለም። ዘይቱ ሊያመልጥ፣ እግሩ አፈር ውስጥ ሊሰምጥ ይችላል። መኪናው በብረት መቆሚያ ላይ ይረፍ። ብሎኬት የምታስቀምጡ፣ እባካችሁ! ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፣ ግድግዳ ላይ ቀስ ብሎ የተጫነውን ይችላል፤ ጠባብ ብረት ሲያርፍበትና ሲነቀነቅ ግን ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል። የወለቀ ጎማ ከነቸርኬው ሻንሲው ስር አስተኙ፤ መቆሚያው ቢከዳ እንኳ ለደረታችሁ ክፍተት ይተርፋል።

ቀጥሎ የምለው የመካኒክ ምክር ይመስላል፣ ለእኔ ግን የጤና ምክር ነው፦ ሸራውን መሀል አስይዙ። አዲሱን ሸራ ቮላኖው ላይ ስታስሩ በሴንተር ማድረጊያው ዘንግ መሀሉን አስይዛችሁ፣ የሚጫነውን ሳህን ብሎኖች በየተራ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ጥቂት በጥቂት አጥብቁ። መሀሉን ከሳተ ከካምቢዮው የወጣው ጥርስ ያለው ዘንግ በጭራሽ አይገባም፤ ከመኪናው ስር ሃያ ደቂቃ የሚወስደው ሥራ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። መሀሉ ልክ ሆኖም ጥርሱ ካልገጠመ ካምቢዮውን ማርሽ አስገብታችሁ የኋላውን መውጫ በእጅ ትንሽ አዙሩት። በብሎን እየሳባችሁ አታስገቡ፣ ጆሮው ይሰበራል። በተለይ ጣታችሁን በካምቢዮውና በሞተሩ መካከል ባለው ክፍተት አታስገቡ። ግጥም ሲል አንድ ጊዜ ነው፤ የተጨፈለቀ ጣት ደግሞ ሁልጊዜ አይመለስም።

አቧራውን በኮምፕሬሰር አየር አታራግፉ። አንዳንድ አሮጌና ርካሽ ሸራዎች አስቤስቶስ ይኖርባቸዋል። በሽታው ከ20 ወይም ከ30 ዓመት በኋላ የሳንባ ካንሰር ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ የጨርቅ ማስክም አያስቆመውም። በሳሙና ውሃ አርጥባችሁ ጥረጉ፣ ልብሳችሁን ሳትቀይሩ ልጅ አትቀፉ።

ብቻችሁን ከስር አትግቡ። ውጭ የሚቆመው ሰው ሁለተኛ ክሪክ አጠገቡ ይኑር፤ ደረት ላይ መኪና ያረፈበት ሰው የሚቆጠረው በደቂቃ ነው፣ ጎረቤት እስኪጠራ አይጠብቅም።

ከወደቀስ? ቶሎ አንሱ፣ ግን በታኮና በመቆሚያ እየያዛችሁ፣ ዳግም እንዳይወድቅ። አንገትና ጀርባ እንዳይጣመም አድርጋችሁ አውጡት። «ደህና ነኝ» ብሎ ተነስቶ ቢሄድም ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ፤ የተቀደደ ጣፊያ ለሰዓታት ምልክት ሳያሳይ ሊደማ ይችላል። ምግብም ውሃም አትስጡት፣ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። እግሩ ወይም ጭኑ ብዙ ጊዜ ተጨፍልቆ ከቆየ ከተጎዳው ጡንቻ ፖታሲየምና ሌሎች ነገሮች ወደ ደም ይገባሉ፤ ልብን ሊያቆሙ፣ ኩላሊትን ሊያደክሙ ይችላሉ። ሽንቱ ጥቁር ሻይ ወይም ኮካ ከመሰለ አስቸኳይ ነው።

ወጌሻ ጋ መሄድ የምትወዱትን አውቃለሁ። ግን ያበጠ እግር በሸምበቆና በጨርቅ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ደም ይቆማል፣ ጡንቻው ይሞታል፣ መጨረሻው መቆረጥ ይሆናል። መጀመሪያ ራጅ ይነሳ። እግሩ ከታሰረ በኋላ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ሕመሙም እየባሰ ከሄደ ማሰሪያው በዚያው ሰዓት ይፈታ።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ስትደርሱ ለሐኪሙ ስንት ሰዓት ላይ እንደወደቀበትና ስንት ደቂቃ ከስሩ እንደቆየ ንገሩት፤ ከተቻለ መንገድ ላይ ስልካችሁ ላይ ጻፉት፣ በድንጋጤ ይጠፋልና።