ስለ ፈላጊና ስለ መላሽ
ለደባርቅና ለዳባት ተማሪዎች የሚበጀው የቱ ነው?

ዕውቀት በሁለት መንገድ ይገኛል። አንደኛው መጽሐፉን ገልጦ ራስ ማንበብ ነው፤ ሁለተኛው የሚያውቀውን ሰው ጠይቆ መስማት ነው። ሁለቱም የተከበሩ መንገዶች ናቸው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የራሱን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ራሱ የሚያነብ ሰው ስፍራውን ካላወቀ ገጽ ሲገልጥ ይውላል፤ ጠይቆ የሚሰማም ሰው የመለሰለት ካላወቀ ስሕተቱን ተሸክሞ ይሄዳል። ይህ የቆየ ነገር ዛሬ አዲስ ልብስ ለብሶ በትምህርት ቤቶቻችን ደጅ ቆሟል።

ዩኒቨርሲቲዎችና ታላላቅ ትምህርት ቤቶች ማስታወቂያቸውን በድረ ገጽ ማውጣት ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗል። በድረ ገጹ ላይ ሰው ቃል ጽፎ ገጹን የሚያገኝበት መፈለጊያ ነበረ። ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን፣ ቻትጂፒቲ የተባለው መሣሪያ ለዓለም ከተገለጠ በኋላ፣ ብዙዎች «መፈለጊያው ይቅር፤ እንደ ሰው የሚያነጋግር ቻትቦት ይተካው» ማለት ጀምረዋል። ነገሩ ለአዲስ አበባ ሰው የምቾት ጉዳይ ሊመስል ይችላል። ለስሜን ተራሮች ግርጌ ሰው ግን ከዚህ ይከብዳል።

ደባርቅ ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደጋው ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ዳባትም በዚያው መንገድ ላይ ትገኛለች። በ2010 ዓ.ም. ገደማ አራተኛው ትውልድ ከሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ በደባርቅ ተቋቁሟል። ከበየዳ፣ ከጃናሞራና ከአዲ አርቃይ የሚመጣ ልጅ ገደሉን ወጥቶና ወርዶ፣ ከዚያም በመኪና ተሳፍሮ ነው ከተማ የሚደርሰው። እንግዲህ ይህ ልጅ የምዝገባውን ቀን በስልክ ጠይቆ የተሳሳተ መልስ ቢሰጠው ምን ይሆናል? የአባቱ የበግ ዋጋ በመንገድ ያልቃል፤ ቀኑም ካለፈ አንድ ዓመት ይባክናል። ስለዚህ «የትኛው መሣሪያ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ የጌጥ ጥያቄ አይደለም።

ከሁሉ አስቀድሞ የሁለቱን ጠባይ እንመልከት። መፈለጊያ ሥራው እንደ መጽሐፍ ማውጫ ነው። በድረ ገጹ ያለውን ጽሑፍ አስቀድሞ ያነብና እያንዳንዱ ቃል በየትኛው ገጽ እንዳለ መዝግቦ ይይዛል። ሰው ቃሉን በጻፈለት ጊዜ ገጾቹን ያወጣለታል እንጂ ከራሱ አንዲት ቃል አይጨምርም። ታማኝነቱ በዚህ ነው፤ ድካሙም በዚሁ ነው። የተጻፈለትን ፊደል እንጂ የጠያቂውን አሳብ አያውቅምና።

ይህ ድካም በአማርኛ ላይ ይበረታል። በ1999 እ.ኤ.አ. የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ሥርዓት በገባ ጊዜ ለእያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቁጥር ተሰጠው። ስለዚህ ሀ፣ ሐ እና ኀ ለጆሮ አንድ ሲሆኑ ለመሣሪያው ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጸሐፊው «ሥራ» ብሎ በንጉሡ ሠ ጽፎ፣ ተማሪው «ስራ» ብሎ በእሳቱ ሰ ቢፈልግ፣ ያልተማረ መፈለጊያ «የለም» ብሎ ይመልሰዋል። ተራራውንም አንዱ «ስሜን» ሌላው «ሰሜን» ብሎ ይጽፈዋል፤ ሁለተኛው አጻጻፍ ደግሞ ከአቅጣጫው ስም ጋር ይደባለቃል።

ከፊደሉ ሌላ የርባታው ነገር አለ። «ምዝገባ»፣ «ለምዝገባው»፣ «ተመዝጋቢ»፣ «ይመዘገባሉ» የሚሉት ሁሉ ከ«መዘገበ» ይወጣሉ። ሊቃውንቱ ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት የሚገልጥ ሰው አስቀድሞ የቃሉን ሥር ማወቅ፣ የአበገደንም ተራ መከተል ይገባዋል። ለአማርኛ ድረ ገጽ የሚሠራ መፈለጊያ እንግዲህ ግስ የተማረ መሆን አለበት፤ ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጎ፣ ቅጥያውን ገፎ፣ ከሥሩ መፈለግ። ይህ ሊሠራ የማይቻል ነገር አይደለም፤ የሚጠይቀው ትጋት ነው።

ቻትቦት ግን ሌላ ፍጥረት ነው። እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተነቦለት፣ ከአንድ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ እንደሚገባው እየገመተ ዐረፍተ ነገር ይሠራል። ስለዚህ ጥያቄው በተሰባበረ አነጋገር ቢቀርብለትም አሳቡን ይረዳል፤ መልሱንም አሳምሮ ያቀርባል። ነገር ግን የንግግሩ ማማርና የነገሩ እውነት ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። የማያውቀውንም ነገር ከሚያውቀው ባልተለየ ድምፅ ይናገራል። በአማርኛ ደግሞ የተነበበለት ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲመዛዘን እጅግ ጥቂት ስለሆነ የስሕተቱ በር ይሰፋል። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለሰው ነበረ፤ ዛሬ ለመሣሪያም የሚሆን ምክር ሆኖ ተገኝቷል።

አንድ ምሳሌ ብቻ እንጥቀስ። የእኛ ዘመን አቆጣጠር ከአውሮፓው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይዘገያል፤ የሰዓታችንም አቆጣጠር በስድስት ሰዓት ይለያል። በማስታወቂያው ላይ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈውን በባዕድ ልማድ የሠለጠነ መሣሪያ የሌሊት ሰዓት አድርጎ ሊተረጉመው፣ ወይም ዓመቱን ካለ ቦታው ሊያስገባው ይችላል። መፈለጊያ ግን ገጹን እንዳለ ስለሚያሳይ ከእንዲህ ያለው ስሕተት የራቀ ነው።

የውጭውንም ዓለም ታሪክ ብንመረምር ለሁለቱም ወገን ምስክር እናገኛለን። በ2008 ዓ.ም. ክረምት በአሜሪካ የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፓውንስ የተባለ መላሽ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች በስልክ መልእክት እንዲያገለግል አደረገ። መላሹ በአንድ ክረምት ከ200,000 ለሚበልጡ ጥያቄዎች መልስ ሰጠ፤ ተቀባይነት አግኝተው ሳይመጡ ይቀሩ የነበሩትም ተማሪዎች ቁጥር ከአምስተኛው እጅ በላይ ቀነሰ። ምሥጢሩ ግን ይህ ነው፤ መልሶቹን አስቀድመው ያዘጋጁት የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ነበሩ፤ መላሹ ያላወቀውም ጥያቄ ወደ ሰው ይተላለፍ ነበር።

በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ በካናዳ አንድ የዳኝነት ጉባኤ በኤር ካናዳ አየር መንገድ ላይ ፈረደ። የአየር መንገዱ ቻትቦት ዘመዱ ለሞተበት መንገደኛ ስለ ቲኬት ቅናሽ የተሳሳተ ነገር ነግሮት ነበር። የሚያስገርመው፣ እውነተኛው ደንብ በዚያው ድረ ገጽ በሌላ ገጽ ላይ ተጽፎ መገኘቱ ነው። አየር መንገዱ ቻትቦቱን ለራሱ ኀላፊ እንደሆነ ሌላ አካል አድርጎ ሊከራከር ቢሞክርም ጉባኤው አልተቀበለውም፤ ከ800 የካናዳ ዶላር በላይ እንዲከፍል ተፈረደበት። እንዲሁም የሎስ አንጀለስ ትምህርት ቤቶች ጽሕፈት ቤት ኤድ የተባለውን ቻትቦት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በታላቅ ሥነ ሥርዓት አስመርቆ ነበር፤ የውሉም ዋጋ እስከ 6 ሚሊዮን ዶላር ይደርስ ነበር። ሦስት ወር ሳይቆይ የሠራው ኩባንያ አብዛኞቹን ሠራተኞቹን አሰናበተ፤ መላሹም ተዘጋ። ሀብታም ከተማ የተሰናከለበትን ድንጋይ ድኻ ወረዳ አይቶ ሊያልፈው ይገባል።

በአገራችንም ጥሩ ምሳሌ አለ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጥቶ፣ ውጤቱ በጥር ወር ሲገለጥ ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። በዚያ ጭንቅ ጊዜ የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ውጤቱን በድረ ገጽ፣ በ6284 አጭር የስልክ መልእክት፣ በቴሌግራምም መላሽ አሳወቀ። ይህ መላሽ ቋንቋ አያሳምርም፤ የተማሪውን ቁጥር ተቀብሎ ከመዝገቡ ያለውን ብቻ ይገለብጣል። በሦስቱም በር የሚወጣው መልስ ከአንድ መዝገብ ስለሚቀዳ እርስ በርሱ አይጣላም። ገልባጭና ደራሲ የሚለዩት በዚህ ነው፤ ገልባጩ ቢሳሳት ከመጽሐፉ ጋር ተመሳክሮ ይታረማል፤ ደራሲው ቢሳሳት ግን የሚመሳከርበት የለም።

ታማኝ መዝገብ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ዳባት ራሷ ምስክር ናት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚያ ወረዳ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ቤት ለቤት ሲያስመዘግብ ቆይቷል። ከዚያ የሚወጣው ጥናት የሚታመነው የጻፈው ሰው አንደበተ ርቱዕ ስለሆነ አይደለም፤ መዝገቡ በየጊዜው ስለሚታደስ ነው። የትምህርት ቤት ድረ ገጽም እንደዚሁ ነው። ማስታወቂያው በየጊዜው ካልታደሰ፣ ያለፈው ዓመት ቀን ከዘንድሮው ጋር ጎን ለጎን ከተቀመጠ፣ መፈለጊያውም ቻትቦቱም ያንኑ አሮጌ ያመጣሉ።

በመሥሪያ ቤቶቻችን የተለመደ አንድ ነገር ደግሞ አለ። ማስታወቂያው በወረቀት ይጻፋል፤ ማኅተም ይመታበታል፤ ከዚያም ፎቶግራፍ ተነሥቶ በድረ ገጽ ይለጠፋል። ማኅተሙ ለዓይን ክብር ነው፤ ለመፈለጊያ ግን ወረቀቱ ሥዕል እንጂ ጽሑፍ አይደለም። ማኅተም ያለበት ሥዕል ይቀመጥ፤ ከሥሩ ግን ቃሉ በፊደል ይጻፍ። ይህ አንድ ብር የማያስወጣ ሥራ ከብዙ ውድ መሣሪያ ይበልጣል።

እንግዲህ ቻትቦትን ፈጽሞ እንተወው ማለት ነውን? አይደለም። የጎንደርን የትርጓሜ ሥርዓት እናስታውስ። የትርጓሜ መምህር ከራሱ ልብ አንቅቶ አይናገርም፤ አስቀድሞ ንባቡን ያሰማል፤ ከዚያ ይተረጉማል፤ ምሥጢሩ ሁለት መንገድ ካለው «አንድም» እያለ ሁለቱንም ያሳያል። ዛሬ ቻትቦትን በዚህ ሥርዓት ማሠራት ይቻላል። ይኸውም አስቀድሞ በትምህርት ቤቱ ገጾች ውስጥ ፈልጎ፣ ያገኘውን ንባብ መሠረት አድርጎ እንዲመልስ፣ ገጹንና የወጣበትንም ቀን እንዲያሳይ ማድረግ ነው። በዚህ መንገድም ስሕተት ፈጽሞ አይጠፋም፤ ነገር ግን ጠያቂው መልሱን ከንባቡ ጋር ሊያስተያይ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ፈላጊና መላሽ ተቀናቃኞች አይሆኑም፤ መላሹ በፈላጊው ትከሻ ላይ ይቆማል። ደካማ መፈለጊያ ያለው ተቋም ቻትቦት ቢጨምር ድካሙን በጥሩ ንግግር ሸፈነው እንጂ አልፈወሰውም።

የመገናኛውም ነገር መዘንጋት የለበትም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የኢንተርኔት አገልግሎት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ድረ ገጽም ቻትቦትም ዝም ይላሉ። አጭር የስልክ መልእክት፣ ሬዲዮ፣ በትምህርት ቤቱ ደጅ የሚለጠፍ ወረቀት፣ ስልክ የሚያነሣ የሬጅስትራር ሠራተኛ ከሌሉ፣ የጃናሞራ ልጅ የሚጠይቀው ያጣል።

ስለዚህ ሹማምንት የሥራውን ተራ እንዲጠብቁ ያስፈልጋል። አስቀድሞ መዝገቡን ማጥራት፤ ቀጥሎ የአማርኛን ፊደልና ግስ የሚያውቅ መፈለጊያ ማቆም፤ ከዚያ በኋላ፣ ገንዘብ ካለ፣ በገጾቹ የታሰረ መላሽ መጨመር። መላሹ የሚናገረው በተቋሙ ስም ስለሆነ፣ ለስሕተቱ ኀላፊ የሚሆን ሰው በደብዳቤ ይሾም። ተማሪው የሚጽፈው ስምና የቤተ ሰብ ነገር በ2016 ዓ.ም. በወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321 መሠረት ይጠበቅ። ሥራው ከመጀመሩም በፊት አስተማሪዎችና ካህናት፣ ገበሬዎችም በየአነጋገራቸው ጠይቀው ይፈትኑት፤ የከተማ ሰው ያልገመተውን ጥያቄ የሚያመጡ እነርሱ ናቸውና።

ካህናትም ከዚህ ጉዳይ ራሳቸውን ሩቅ አያድርጉ። በገጠሩ ደብዳቤ የሚነበበው፣ ምክርም የሚጠየቀው ከእነርሱ ነው። ወላጅ «ስልኩ እንዲህ አለ» ብሎ ሲመጣ «በየትኛው ገጽ፣ በምን ቀን የተጻፈ ነው?» ብለው ቢጠይቁለት ታላቅ አገልግሎት ይሆናል። የጉባኤ ቤት ተማሪ ከመምህሩ የሚማረው መልስን ብቻ አይደለም፤ የማያውቁትን ሲጠየቁ «ይህን አላውቅም፤ እገሌን ጠይቅ» ማለትንም ይማራል። ይህን ቃል መናገር የማይችል መላሽ፣ ንግግሩ ምንም ቢያምር፣ በትምህርት ቤት ደጅ ሊሾም አይገባውም።