በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳርቻ የዱር እንስሳትን እየተመለከቱ ለሚጓዙ ዜጎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

ከአዲስ አበባ በሞጆ በኩል ወደ ሐዋሳ የሚወስደው 275 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም መንገድ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ዳርቻ እየተከተለ ያልፋል። ጉዞው በግማሽ ቀን የሚጠናቀቅ ቢሆንም፣ ሁለት ወይም ሦስት ቀን የመደበለት ተጓዥ ጉማሬን፣ ፍላሚንጎን፣ ሰጎንን፣ ጉሬዛንና ከኢትዮጵያ ውጪ የማይገኘውን የስዌይን ቆርኬ የመመልከት ዕድል ያገኛል። ይህ ማብራሪያ በየማረፊያው ምን እንደሚታይና ተጓዡ ምን ዓይነት ጥንቃቄ ማድረግ እንደሚገባው ይገልጻል።

ሐይቆቹ የሚለያዩበት ምክንያት

የአንድ ሐይቅ እንስሳት ዓይነት በአብዛኛው የሚወሰነው በውኃው ጠባይ ነው። የዝዋይ (ደምበል) ሐይቅ ውኃ በቡልቡላ ወንዝ አማካይነት ወደ አቢጃታ ስለሚፈስ ጨው አይከማችበትም። በመሆኑም ዓሣ፣ ጉማሬና ዓሣ አዳኝ ንስር ይኖሩበታል። አቢጃታ በአንጻሩ መውጫ የሌለው በመሆኑ ወደ ውስጡ የገባው ውኃ በትነት ሲቀንስ ጨውና ሶዳው ይቀራል። በእንዲህ ዓይነቱ ውኃ የሚራባው ደቃቅ አልጌ ለፍላሚንጎ ዋና ምግብ ነው።

ይህ ግንኙነት የሐይቆቹን አደጋም ያሳያል። ከዝዋይና ከገባር ወንዞቹ ለመስኖ የሚጠለፈው ውኃ፣ እንዲሁም ሶዳ አሽ ለማምረት ከአቢጃታ የሚወሰደው ውኃ ባለፉት አሥርት ዓመታት የአቢጃታን ስፋት በእጅጉ ቀንሰውታል። ጨውነቱ ሲበረታ በሐይቁ የነበረው ዓሣ ጠፋ። በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ እየተራቡ በአቢጃታ ዓሣ ይመገቡ የነበሩት ፔሊካኖችም ምግባቸውን ወደ ሌሎች ሐይቆች ሄደው ለመፈለግ ተገደዱ።

በየማረፊያው የሚታዩ እንስሳት

በባቱ (ዝዋይ) ከተማ ዳርቻ አባ ኮዳና ፔሊካን በቅርብ ይታያሉ። ጉማሬዎቹ ቀን በውኃ ውስጥ ቆይተው ሲመሽ ሣር ለመጋጥ ወደ የብስ ስለሚወጡ፣ ከምሽት በኋላ በሐይቁ ዳር በእግር መንቀሳቀስ አይገባም። በማንኛውም ሰዓት ቢሆን በጉማሬና በውኃው መካከል መቆም ለሕይወት አስጊ ነው።

የአቢጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን፣ መግቢያው ከዋናው መንገድ ዳር ይገኛል። በመግቢያው አካባቢ ሰጎን፣ የግራንት የሜዳ ፍየልና ከርከሮ ይታያሉ። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት ያለው ሲሆን፣ በዳርቻው የሚፈልቁት ፍል ውኃዎች ቆዳ የሚያቃጥሉ በመሆናቸው ሕፃናትን መቆጣጠር ያስፈልጋል። የአቢጃታ ዳርቻ ከላይ የደረቀ ቢመስልም ከሥሩ ረግረግ ስለሆነ ተሽከርካሪን ወደ ውኃው ማስጠጋት አይመከርም።

ከሻሸመኔ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ በኩል የሰንቀሌ የቆርኬ መጠለያ ይገኛል። የስዌይን ቆርኬ ቀድሞ በሶማሊያም ይኖር የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ በኢትዮጵያ ብቻ ቀርቷል። መጠለያው በእርሻና በግጦሽ መሬት የተከበበ ጠባብ ሥፍራ በመሆኑ ጎብኚዎች ከተፈቀደው መስመር እንዳይወጡ ይጠበቃል።

በሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች ማለዳ ሲመለሱ አባ ኮዳዎች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። በዛፎቹ ላይ ጉሬዛና ጦጣ ይታያሉ። የጉሬዛ ጨጓራ ቅጠልን ለመፍጨት የተፈጠረ በመሆኑ ዳቦና ጣፋጭ መስጠት እንስሳውን ይጎዳል። ምግብ የለመዱ ጦጣዎች ደግሞ ከሰው እጅ መንጠቅ ይጀምራሉ።

በመንገድ ላይ የሚደረግ ጥንቃቄ

በ1982 ዓ.ም. መጨረሻ በአርባ ምንጭ አቅራቢያ በሚገኘው የነጭ ሳር ሜዳ ተመራማሪዎች በጥርጊያ መንገድ ላይ በተሽከርካሪ የተዳጠ በምሽት የሚበር አንድ ወፍ አገኙ። ለጥናት ሊወሰድ የቻለው ክንፉ ብቻ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ይህ ክንፍ ቀድሞ በሳይንስ ያልታወቀ ዝርያ መሆኑ ተገለጸ፤ ሳይንሳዊ ስሙም ይህንኑ ብቸኛ ክንፍ የሚያመለክት ሆነ። አንድ ዝርያ ለዓለም የታወቀው በመንገድ ላይ ሞቶ በመገኘቱ መሆኑ፣ አሽከርካሪዎች በፓርኮች ውስጥና በአቅራቢያቸው ፍጥነት መቀነስ ለምን እንደሚገባቸው ያስረዳል። ይህም በተለይ በንጋትና በምሽት ሰዓት ሊጠበቅ ይገባል። በፍጥነት መንገድ ላይ እንስሳትን ለመመልከት መቆም የተከለከለ ስለሆነ፣ መመልከት የሚፈልግ ተጓዥ መውጫውን ተጠቅሞ ወደ ነባሩ መንገድ መግባት ይኖርበታል።

ከጉዞው በፊት ሊሟሉ የሚገባቸው

ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ስደተኛ ወፎች በሐይቆቹ ስለሚሰፍሩ ወቅቱ ለጉብኝት ተመራጭ ነው። የፓርክ መግቢያ ክፍያ ለኢትዮጵያውያንና ለውጭ ዜጎች የተለያየ በመሆኑ መታወቂያ መያዝ፣ ክፍያውን በፓርኩ ጽሕፈት ቤት መፈጸምና ደረሰኝ መቀበል ይገባል። በእግር ለሚደረግ ጉብኝት የፓርኩን ጠባቂ ይዞ መንቀሳቀስ ተገቢ ነው። ስለ መንገዱ ወቅታዊ ሁኔታም ከመነሳት አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል።

የተጎዳ የዱር እንስሳ ያጋጠመው ወይም ሕገ ወጥ አደን የተመለከተ ተጓዥ፣ ራሱ እንስሳውን ለመያዝ ሳይሞክር ቦታውንና ሰዓቱን መዝግቦ በአቅራቢያው ለሚገኝ የፓርክ ጽሕፈት ቤት ወይም ፖሊስ ጣቢያ ማሳወቅ ይኖርበታል።