ከ1,000 ያርድ ማዶ ያለ ዒላማ እንዴት ይመታል?

ከአፈሙዝ የወጣ አረር 1,000 ያርድ (914 ሜትር) ርቆ የቆመ ዒላማ ላይ ለመድረስ አንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። በዚያች ጊዜ ውስጥ መሬት ወደ ታች ትስበዋለች፣ አየር ያዘገየዋል፣ ነፋስ ወደ ጎን ይገፋዋል። የረጅም ርቀት ዒላማ ተኩስ ጀማሪ የሚሠለጥነው እነዚህን ሦስቱን አስቀድሞ መገመት እንዲችል ነው። ብዙ ሰው ጥሩ ዓይንና የማይንቀጠቀጥ እጅ ካለው የሚበቃው ይመስለዋል። ስለ ጠመንጃው የሚነገረው ግን በአንድ ጠዋት ያልቃል፤ የነፋሱ ትምህርት ማለቂያ የለውም።

ይህ ስፖርት ሥር ከሰደደባቸው ቦታዎች አንዱ ከለንደን ደቡብ ምዕራብ፣ ሰሪ ውስጥ የሚገኘው ቢስሊ ነው። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር በ1859 እ.ኤ.አ. ተመሥርቶ በዓመቱ ዊምብልደን ላይ የመጀመሪያ ውድድሩን ሲያካሂድ፣ መክፈቻውን የተኮሱት ንግሥት ቪክቶሪያ ነበሩ። ጠመንጃው በ400 ያርድ ርቀት ቀድሞ ተነጣጥሮ በብረት ማቆሚያ ላይ ታስሮ ስለነበር፣ የንግሥቲቱ ድርሻ ከቃታው ጋር የተያያዘውን የሐር ገመድ መሳብ ብቻ ነበር። ጥይቱ ከመሃል ብዙም ሳይርቅ አረፈ። ማኅበሩ በ1890 ወደ ቢስሊ ተዛወረ፤ ዛሬም የማኅበሩ ትልቁ ሽልማት ውድድር ፍጻሜ በ900 እና በ1,000 ያርድ ይተኮሳል።

ሥልጠናው የሚጀምረው ከደኅንነት ነው። አፈሙዝ ምንጊዜም ወደ ዒላማው ይዞራል። ለመተኮስ እስኪወሰን ጣት ቃታ አይነካም። ተኩስ በሌለበት ሰዓት መዝጊያው ተከፍቶ፣ ጥይት የሚጎርስበት ቀዳዳ ውስጥ ደማቅ የፕላስቲክ ምልክት ይገባል፤ ማንም ሰው ከሩቅ አይቶ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን እንዲያውቅ። ይህን በግማሽ ጆሮ የሚሰማ ሰው ወደ መስመሩ መቅረብ የለበትም።

ቀጥሎ አተኛኘት ነው። ተኳሹ በደረቱ ይተኛል፣ የጠመንጃውን ማንገቻ ግራ ክንዱ ላይ አጥብቆ ይጠመጥማል፣ ሰደፉን ትከሻው ሥር ይወትፋል። ጡንቻ ይደክማል፣ ይንቀጠቀጣልም፤ ስለዚህ ክብደቱን አጥንትና ጠፍር መሸከም አለባቸው። መፈተኛው ቀላል ነው። አነጣጥረው ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ ሁለት ጊዜ ይተንፍሱ፣ ዓይንዎን ይክፈቱ። ማነጣጠሪያው ከዒላማው ሸሽቶ ከሆነ ጠመንጃውን በእጅ ገፍተው አይመልሱት፤ ዳሌዎን አንቀሳቅሰው ሰውነትዎን ያዙሩ። በእጅ የተመለሰ ጠመንጃ ቃታው በተሳበበት ቅጽበት ወደነበረበት ያፈገፍጋል።

የመሬት ስበት ነገር በሒሳብ ያልቃል። በወንጭፍ ወፍ የጠበቀ ሰው ሩቅ ለመምታት ከፍ አድርጎ መወርወር እንዳለበት ያውቃል፤ ጠመንጃም እንደዚያው ነው። ለ100 ያርድ የተስተካከለ 7.62 ሚሊሜትር ጠመንጃ ሳይነካ በ1,000 ያርድ ቢተኮስበት አረሩ ከ8 እስከ 10 ሜትር ዝቅ ብሎ ያርፋል። ማስተካከያው የሚለካው በማዕዘን ነው። የአንድ ዲግሪ ስድሳኛ ደቂቃ ይባላል፤ አንድ ደቂቃ በ100 ያርድ 2.7 ሳንቲሜትር ያህል፣ በ1,000 ያርድ ደግሞ 27 ሳንቲሜትር ያህል ነው። የማነጣጠሪያው ማዞሪያ «ቀጭ» ባለ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ሩብ ደቂቃ ይንቀሳቀሳል። ርቀቱ ስለማይለወጥ ቁጥሩን አንዴ ደብተር ላይ ጽፎ መያዝ ነው።

ነፋስ ግን እንዲህ ተጽፎ አይያዝም። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከጎን ቢመጣ፣ ይህንኑ አረር በ1,000 ያርድ ከሁለት ሜትር በላይ ይገፋዋል። በቢስሊ በዚያ ርቀት ሙሉ ነጥብ የሚያሰጠው ክብ ስፋቱ 60 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ነፋሱን ስንገምት በሰዓት በሦስት ኪሎ ሜትር ብቻ ብንሳሳት፣ አተኳኮሳችን የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ከክቡ እንወጣለን። አቅጣጫውም ያታልላል። ከተኩሱ መስመር 30 ዲግሪ ብቻ ዘንበል ብሎ የሚመጣ ነፋስ ጀማሪ ይንቀዋል፤ ግፊቱ ግን ከሙሉ የጎን ነፋስ ግማሹን ያህላል።

ታዲያ የማይታየው ነገር እንዴት ይታያል? አንደኛው በሜዳው ላይ የተተከሉት ባንዲራዎች ናቸው። ባንዲራው ከምሰሶው የራቀበትን ማዕዘን ለአራት ማካፈል የነፋሱን ፍጥነት በሰዓት በማይል በግምት ይሰጣል። ለቅርቡ ባንዲራ ልዩ ትኩረት ያስፈልጋል፤ መነሻው ላይ የተጣመመ አረር እስከ ዒላማው ድረስ እየራቀ ይሄዳልና። ሁለተኛው በማያ ቴሌስኮፕ የሚታየው፣ ከመሬት የሚነሣው የሙቀት መርገብገብ ነው። ነፋስ ከሌለ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይፈላል፤ ነፋስ ሲመጣ እንደ ወራጅ ወንዝ ወደ ጎን ይፈስሳል። የፍሰቱ አቅጣጫ ሊቀየር ሲል ለአፍታ ይፈላል፤ ያኔ የሚተኩስ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ነፋስ አያውቅም። መጠበቅ ይሻላል።

በእኔ እምነት ከሥልጠናው ሁሉ የሚበልጠው ሌሎች ሲተኩሱ ከዒላማው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ የሚያሳልፉት ሰዓት ነው። ከአፈር ክምሩ ጀርባ ቆመው፣ አረሩ ከራስዎ በላይ ሲያልፍ ስለታም የጅራፍ ድምፅ ይሰማሉ፤ ፍጥነቱ ገና ከድምፅ ይበልጣልና። ዒላማውን ወደ ታች ይስባሉ፣ የአረሩ ቀዳዳ ላይ ክብ ምልክት ይሰካሉ፣ የቀድሞውን ቀዳዳ በወረቀት ይለጥፋሉ፣ ከዚያ መልሰው ወደ ላይ ይገፉታል። የጎበዝ ተኳሽ ቀዳዳዎች ከላይ ወደ ታች ጠበብ ብለው፣ ከግራ ወደ ቀኝ ግን ሰፋ ብለው ሲዘረጉ በዓይንዎ ያያሉ። ያ ስፋት በአብዛኛው ነፋስ ነው። አንዳንድ ሜዳዎች አሁን ድምፅ በሚለዩ መሣሪያዎች ስለሚቆጥሩ ይህ ሥራ እየቀረ ነው፤ ለጀማሪ ትልቅ ጉዳት ይመስለኛል።

ለመጀመር ጠመንጃ መግዛት አያስፈልግም፤ በእንግሊዝ ያለ ፈቃድም አይቻልም። በመንግሥት የታወቀ ክበብ አዲስ አባል ቢያንስ ሦስት ወር በሙከራ ይቆያል፣ በክበቡ ጠመንጃም ይተኩሳል። መጀመሪያ የሚገዛው የጆሮ መከላከያና ደብተር ነው፤ በደብተሩም ከእያንዳንዱ ጥይት በፊት የገመቱትን ነፋስ፣ ከተኮሱ በኋላ ደግሞ አረሩ ያረፈበትን ቦታ ይጽፋሉ።