በስፍራው ላይ የሚቀር ማስታወሻ

ጀልዴሳ ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ውስጥ የምትገኝ የገጠር መንደር ናት። ነገር ግን የምድር ባቡሩ ከመሠራቱ በፊት ከዘይላ ወደብ ወደ ሐረር የሚወጣ ነጋዴ ሁሉ የሚያውቃት የሲራራ ማረፊያና የቀረጥ ኬላ ነበረች። የግመሉ ጭነት በዚያ ይራገፍና የሐረርን ዳገት በበቅሎና በአህያ ይያያዘው ነበር። ወራጁና ወጪው በሚገናኙበት እንዲህ ባለ ስፍራ ስለ ውሃውና ስለ መንገዱ መጠያየቅ የነጋዴ ወግ ነው። ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬዳዋ ሲደርስ ግን ንግዱ ሐዲዱን ተከተለ፤ የጀልዴሳም ገበያ ቀዘቀዘ።

ፊተኛው ለኋለኛው የሚተወው ያ ወሬ ዛሬ በእጅ ስልክ አማካይነት በቦታው ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ስልኩ ከሳተላይቶች በሚቀበለው ምልክት ያለበትን ስፍራ ያሰላል፤ በገላጣ ሜዳ ላይ ስሕተቱ ከጥቂት ሜትር አያልፍም። የተጻፈው ቃል ከዚያ ስፍራ ልክ ጋር ይመዘገብና ሌላ ሰው ካርታውን ሲከፍት በዚያው ቦታ ያገኘዋል። የአሜሪካ መንግሥት በምልክቱ ላይ ሆን ብሎ ይጨምረው የነበረውን ስሕተት በ1992 ዓ.ም. ባያነሣ ኖሮ ይህ ለነጋዴ የሚጠቅም አይሆንም ነበር።

የድሬዳዋ ባለ ሱቅ አድራሻውን ሲጠየቅ «ከዚራ፣ ከእገሌ ሕንፃ ጀርባ» ማለት ልማዱ ነው፤ ይህም የከተማውን ሰው ይረዳው እንደ ሆነ እንጂ ከሩቅ የመጣን ሾፌር አይመራም። ስለዚህ የመጋዘንን በር በካርታ ላይ ማመልከት የጭነት ማራገፊያ ሰዓትን ያተርፋል። ይሁን እንጂ በጉግል ካርታ ላይ ስለ አንድ ሱቅ አስተያየት የሚጽፈው ባለቤቱ ብቻ አይደለም፤ ደንበኛም ተወዳዳሪም ሊጽፍ ይችላል። ባለ ሱቁ ንግዱ የራሱ መሆኑን አረጋግጦ ካልተረከበው በስሙ መልስ ሊሰጥ አይችልም። ይህን ችላ የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ በእኛ አስተያየት የሱቅን ሰሌዳ ለመንገደኛ እንደ መተው ይቆጠራል።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን የገጠሩ መንገድ ነው። በዚህ አገር ደረቅ የሆነው የአሸዋ ወንዝ ደጋው ላይ በጣለ ዝናብ በድንገት ይሞላል። በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ጎርፍ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎችን መግደሉ አይዘነጋም። «አሸዋው ለስልሷል፤ የጭነት መኪና አያሳልፍም» የሚል ማስታወሻ ከመሻገሪያው ላይ ቢገኝ መኪናንም ነፍስንም ያድናል።

ኔትወርክ በሌለበትም ስልኩ ስፍራውን ማወቁን አይተውም፤ የሚታጣው ማስታወሻው ነው። ኦርጋኒክ ማፕስ የተባለውን ካርታ አስቀድሞ የጫነ ሰው ግን ያለ ኔትወርክ ቦታውን አመልክቶ ቃሉን ሊጽፍበት፣ ኋላም ለባልደረቦቹ በፋይል ሊልክላቸው ይችላል። አስመጪዎች ሾፌሮቻቸውን በዚህ ቢያሠለጥኑ ወጪው ኢምንት ነው። ቀን ያልተጻፈበት ማስታወሻ ግን ከሐሰት ወሬ አይሻልም፤ የሐምሌን ጎርፍ በጥር የሚያነብ ሾፌር በከንቱ ይመለሳል፤ የጥርን ደረቅ መንገድ በሐምሌ ያመነ ደግሞ ከነጭነቱ ወንዝ ውስጥ ይገባል። ሾፌሩ ስለዚህ ከቃሉ በፊት ቀኑንና ሰዓቱን፣ የመኪናውንም ዓይነት ይጻፍ።