ከአሮጌ ማቀዝቀዣ የእንቁላል ማስፈልፈያ ስለ መሥራት

የማቀዝቀዣ ሞተር ቢሞት ግድግዳው አይሞትም። በውስጡና በውጭው ግድግዳ መካከል ያለው አረፋ ቅዝቃዜን እንደሚጠብቅ ሁሉ ሙቀትንም ይጠብቃል። ስለዚህ በ2016 ዓ.ም. እዚህ መካነ ሰላም አንድ የተጣለ ማቀዝቀዣ አግኝተን፣ ጋዙን በባለሙያ አስወጥተን፣ የእንቁላል ማስፈልፈያ ልናደርገው ተነሣን።

የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን ይፈለፈላል፤ ሙቀቱም አየሩ በማራገቢያ በሚዘዋወርበት ሣጥን ውስጥ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መሆን አለበት። ታቅፋ የምትተኛ ዶሮ ይህን ያለ መሣሪያ ታውቀዋለች፤ እኛ ግን ማይክሮኮንትሮለር አስፈለገን፤ ይኸውም በአንድ ቺፕ ላይ የተሠራ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። የተጠቀምንበት አርዱኢኖ የተባለው ሰሌዳ እ.ኤ.አ. በ2005 ኢጣልያ ውስጥ በኢቭሬያ ከተማ ለተማሪዎች ተብሎ የተሠራ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሙቀት መለኪያው ቁጥሩን ለቺፑ ይነግረዋል። ቁጥሩ ከ37.3 ሲወርድ ቺፑ በ5 ቮልት ሪሌ የተባለውን ማብሪያ ይስባል፤ ሪሌውም የ220 ቮልቱን አምፖል ያበራል። ከ37.7 ሲያልፍ ያጠፋዋል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ክፍተት የተተወው ሪሌው በየሰኮንዱ እየበራ እየጠፋ እንዳይበላሽ ነው። ማራገቢያውን ከአሮጌ ኮምፒውተር ፈታነው።

ሽቦው አላስቸገረንም፤ ያሳፈረን ውሃ ነው። መለኪያውን ለመፈተን በበረዶ ውሃ ብንከተው 0 አለ፤ በፈላ ውሃ ግን 91። ውሃ በ100 ይፈላል ብለን የተማርን ስለ ሆነ፣ መለኪያው ተሳስቷል ብለን ቁጥሩን ሁሉ በ1.1 አበዛነው። የተሳሳትነው እኛ ነበርን። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት ያንሳል፤ ውሃም በ91 ወይም በ92 ይፈላል። ደጋ ላይ ባቄላ ቆይቶ የሚበስለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ይህን በየቤታችን እያየን ማሰብ ግን አልቻልንም። ስለዚህ ማሳያው 37.5 ሲል እውነተኛው ሙቀት 34 ነበር። የአንዱ ጓደኛችን እናት ከሰጡን 12 እንቁላሎች አንዱም አልተፈለፈለም። ይህን ለእሳቸው መንገር ከፊዚክስ ፈተና ይከብዳል።

አሁን መለኪያውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ከሰውነት ቴርሞሜትር ጋራ እናስተያያለን፤ የሚፈለገው ሙቀት ያለው በዚያ አካባቢ ነውና። መብራት ሲጠፋ ሙቀቱ ፈጥኖ እንዳይወርድም ውሃ የሞላ ጀሪካን በሣጥኑ ግርጌ አኑረናል።

እናትየዋ «መጀመሪያ ዶሮዋን ጠይቁ» ብለው ሌላ 6 እንቁላል ሰጥተውናል። ይህን ስንጽፍ 18ኛው ቀን ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ እንቁላሎቹን ማገላበጥ ትተናል።