ለ47 ዓመታት ያገለገሉት የብሪታንያ የኤሌክትሪክ ባቡሮች

በብሪታንያ “ክላስ 313” በሚል መለያ የሚታወቁት የኤሌክትሪክ ባቡሮች እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 2023 መንገደኞችን ሲያመላልሱ ቆይተው ከአገልግሎት ተሰናብተዋል። የአገልግሎት ታሪካቸው አንድ የሕዝብ መገልገያ ለታቀደለት ሥራ ሲውልና ወደ ሌላ ሥራ ሲዛወር የሚኖረውን ልዩነት በግልጽ ያሳያል።

በዮርክ ከተማ በ1976 እና በ1977 የተሠሩት ባቡሮች ቁጥራቸው 64 ነበር። እያንዳንዳቸው ሦስት ፉርጎዎች ሲኖሯቸው፣ በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር ይጓዙ ነበር።

ዋነኛ ተግባራቸው ከለንደን በስተሰሜን የሚኖሩ ሠራተኞችን ወደ መሐል ከተማው ሙርጌት ጣቢያ ማድረስ ነበር። ወደ ጣቢያው የሚያስገባው የምድር ውስጥ መስመር የተከፈተው በ1904 ነው። ከዋሻው ውጭ ያለው መስመር ኃይል የሚያገኘው ከላይ ከተዘረጋ የ25 ሺህ ቮልት ሽቦ ሲሆን፣ በዋሻው ውስጥ ግን 750 ቮልት የሚያስተላልፍ ሦስተኛ ሐዲድ አገልግሎት ላይ ይውላል።

በዚህም ምክንያት ባቡሮቹ በሁለቱም የኃይል ዓይነቶች እንዲሠሩ ተደረገ። ወደ ከተማ የሚገባ ባቡር ድሬይተን ፓርክ ጣቢያ ሲደርስ በጣራው ላይ ያለውን የኃይል መቀበያ ክንድ አውርዶ ከሦስተኛው ሐዲድ ኃይል ይወስዳል፤ ሲመለስም እዚያው ጣቢያ ክንዱን ያነሳል። ዋሻው ጠባብ በመሆኑ አደጋ ቢደርስ መንገደኞች በጎን በኩል መውጣት ስለማይችሉ፣ በባቡሩ ጫፎች ላይ የአደጋ ጊዜ መውጫ በር ተበጅቷል።

በ2010 ከባቡሮቹ 19ኙ ወደ ደቡብ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ መስመሮች ተዛወሩ። ባቡሮቹ ለአጭር ጉዞ የታቀዱ በመሆናቸው መጸዳጃ ቤት አልነበራቸውም። በብራይተንና በፖርትስመዝ መካከል ግን ጉዞው ከአንድ ሰዓት በላይ የሚወስድ በመሆኑ ጉድለቱ የመንገደኞች ቅሬታ ምክንያት ሆነ።

በሙርጌት መስመር የነበሩት በ2019 ሲመንስ በሠራቸው ባለስድስት ፉርጎ 25 ባቡሮች ተተክተዋል። አዲሶቹም በጫፋቸው ላይ የአደጋ ጊዜ መውጫ አላቸው። በደቡቡ መስመር የቀሩት ደግሞ ሚያዝያ 29 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. የመጨረሻ ጉዟቸውን አድርገዋል።

በመሆኑም ያገለገለ ንብረት ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ሞተሩ መሥራቱን ብቻ ሳይሆን፣ የአዲሱን ተገልጋይ ፍላጎት ማሟላቱንም አስቀድሞ ማረጋገጥ እንደሚገባ ከባቡሮቹ ታሪክ መረዳት ይቻላል።