ዘፈኑን ወስደን ስድቡን ተውንላቸው

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ስድስት ሆነን ግድቡን ለማየት ወደ ቆቃ ወርደን ነበር። ሐይቁን አይተን ስንመለስ መንገድ ዳር ካለች አንዲት ቤት ገብተን የተጠበሰ ዓሣ አዘዝን። ከግድግዳው ላይ ጅማቱ የተበጠሰ አሮጌ ክራር ተሰቅሏል። ከእኛ አንዱ የቤቱን ባለቤት ጠርቶ፣ «አንቺ፣ ይህ ክራር የማነው?» አላት። ሴትዮዋ በዕድሜ እናታችን ትሆናለች። ሳትቆጣ፣ «ልጄ፣ እትዬ ብለህ ብትጠይቀኝ የእኔ ነው፤ አንቺ ካልከኝ ግን የግድግዳው ነው» አለችው። ሳቅን፤ ወዲያው ግን አፈርን። ወደ ናዝሬት እስክንመለስ ድረስ ስንከራከርበት የቆየነውን ነገር ነው ዛሬ ለተማሪ ወገኖቻችን የምናቀርበው።

ክርክሩ የተነሣው ከቃል ነው። «አዝማሪ» የሚለው ስም «ዘመረ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው። ከዚያው ሥር «መዝሙር» እና «ዘማሪ» ይወጣሉ። ዘማሪውን ስናከብር አዝማሪውን እንሰድብበታለን። «ሴተኛ አዳሪ» የሚለውም በፊደሉ ሲታይ በሴትነቷ ብቻዋን የምታድር ማለት እንጂ ነውር ያለበት አይመስልም። መጠጥ የምታቀርበውን «ኮማሪ» አልናት። ከዚያም ዘፋኟን፣ ጠጅ ጣይዋንና ገላዋን የምትሸጠውን አንድ ላይ ጠቅልለን በአንድ ስድብ እንጠራቸው ጀመር። እነዚህ ሦስት ሥራዎች አንዳንዴ በአንዲት ሴት ላይ ተገናኝተው ይገኛሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው በደል ይህ መደባለቅ ነው።

ነገሩ ትናንት የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከቦታ ቦታ ይዘዋወር የነበረውን የንጉሥ ከተማ ሲገልጽ፣ ከመጠጥ ቤቶቹና ከአንጥረኞቹ ድንኳን ጋር የእነዚህን ሴቶች ድንኳንም ይጠቅሳል። ከተማው ድንኳኑን ነቅሎ ሲሄድ እነርሱም አብረው ይሄዱ ነበር። በኋላ አዲስ አበባ ቋሚ መናገሻ ስትሆን፣ ሠራዊትና ነጋዴ ሲበዛ፣ የጠጅ ቤቱም ቁጥር አብሮ በዛ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የኢጣልያ ወረራም ይህንኑ አባባሰው።

ሴቶቹ ወደዚህ ኑሮ የመጡት ለምንድን ነው? ባለጌ ስለ ሆኑ ነው ብሎ መመለስ ቀላል ነው፤ ግን መልስ አይደለም። በልጅነቷ ያለፈቃዷ የተዳረች፣ ከባሏ የሸሸች ወይም የተፈታች ሴት ተመልሳ የምታርሰው መሬት አልነበራትም። በእጇ የነበረው ሙያ ጠላ መጥመቅ፣ ጠጅ መጣልና አረቄ ማውጣት ነው። ይህም አንዲት የኪራይ ቤትና ጥቂት እንስራ ካለ የሚጀመር ንግድ ነው። ድምፅ የተሰጣት ደግሞ ክራሯን ጨመረችበት።

የእኛን አካባቢ ብንወስድ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ አዋሽ፣ ናዝሬት (ዛሬ አዳማ) እና ሞጆ የጣቢያ ከተሞች ሆኑ። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ ሸንኮራ ቆራጮች ጎረፉ። በ1952 ዓ.ም. ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ የቆቃ ግድብ ተሠርቶ አለቀ፤ የኦሮሞ አርብቶ አደር ከብቱን ያሰማራበት የነበረው ሜዳ ውሃ ለበሰ። እንግዲህ በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ሚስቱን አገሩ ትቶ የመጣ ብዙ ወንድ፣ ደመወዝ በኪሱ ይዞ፣ ዘመድ በሌለበት ስፍራ ተሰበሰበ ማለት ነው። ማታ የሚሄድበት ቤት ያስፈልገው ነበር፤ ቤቱን የከፈቱለት እነዚህ ሴቶች ናቸው።

ቤቱ ታዲያ መጠጥ ብቻ አልነበረበትም። የሀገር ናፍቆት በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ቅኝት የሚወጣበት ስፍራ ነበር። ጠጪው «ተቀበል!» ወይም «ተቀበይ!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ ዘፋኙ ወይም ዘፋኟ ያንን ተቀብለው፣ አሳምረው፣ ሰምና ወርቅ ጨምረው ይመልሳሉ። በአደባባይ የማይነገር የሹም በደል እንኳ በፍቅር ዘፈን ተሸፍኖ ያልፋል። ለዚህ ፈጣን አእምሮና የሰላ ጆሮ ያስፈልጋል። ሆኖም መሣሪያው ራሱ ተፈርዶበታል። በገናና ክራር ወንድማማቾች ናቸው፤ ዐሥር አውታር ያለው በገና የዳዊት ነው ተብሎ በመሳፍንትና በወይዛዝርት እጅ በዐቢይ ጾም ሲደረደር፣ አምስት ወይም ስድስት አውታር ያለው ክራር የሰይጣን ነው ተባለ።

በዚህ ብቻችንን አይደለንም። በሰሜን ሕንድ፣ በተለይ በላክናው ከተማ፣ ጠዋይፍ የሚባሉ ሴቶች ዘፈን፣ ጭፈራና የኡርዱ ግጥም የተማሩ ነበሩ፤ የመኳንንት ልጆች አነጋገርና ሥርዓት ይማሩ ዘንድ ወደ ቤታቸው ይላኩ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1857ቱ አመፅ በኋላ እንግሊዞች አመፀኞቹን ረድተዋል በማለት የብዙዎቹን ንብረት ወረሱ። እ.ኤ.አ. በ1902 በሕንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ በሸክላ ሲቀረጽ ከዘፈኑት መካከል ጋውሃር ጃን የተባለችው ጠዋይፍ ነበረች። በደቡቡ ደግሞ ለቤተ መቅደስ የተሰጡ ደቫዳሲ የሚባሉ ጨፋሪዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጭፈራቸው «ባራታናትያም» በሚል ስም ለጨዋ ልጆች ትምህርት ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1947 ደግሞ የማድራስ ሕግ ሴት ልጅን ለመቅደስ መስጠትን ከለከለ። ሕጉ ሕፃናትን ከግፍ ለማዳን የወጣ ነውና ክፉ አንለውም። ነገር ግን ጥበቡ ሲከበር የጥበቡ ባለቤቶች ተረስተው ቀሩ።

በእኛስ አገር? ለዚህ አስናቀች ወርቁን ማስታወስ ይበቃል። በመድረክ ላይ የሴትን ገጸ ባሕርይ ወንዶች ሴት መስለው ይጫወቱ በነበረበት ጊዜ ቀድመው ከወጡት ሴት ተዋንያን አንዷ እርሷ ናት። በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ተጫውታለች፤ ክራሯም እስከ ውጭ አገር ተሰምቷል። በ2004 ዓ.ም. ስታርፍ አገር አዘነላት። ሜሪ አርምዴም በክራሯና በግጥሟ እንዲሁ ስሟ ይነሣል። እነዚህ ሁለቱ ስማቸው ተረፈ። በየጣቢያው ከተማ በየጠጅ ቤቱ የዘፈኑት ግን ዘፈናቸው ወደ ራዲዮና ወደ ካሴት ሲሄድ ስማቸው አብሮ አልሄደም። ካሴቱ ቡና ቤት ሲገባ ዘፋኟ ከሥራ ወጣች፤ ሙያዋ ሲወሰድባት ገላዋ ብቻ ቀረ። ስድቡ ግን እንደ ጥንቱ ነው።

አንባቢ አይሳሳትብን፤ ኑሮውን ማመስገናችን አይደለም። በዚህ የከባድ መኪና መንገድ ዳር ድህነት፣ ዱላና ኤድስ ስንቱን እንደ ጨረሱ የአካባቢው ልጆች የሆንን እናውቃለን። ያደጉባትን ቤት ለመርሳት ስንት ልጆች ወደ ትምህርት ቤት እንደ ሮጡም እናውቃለን፤ ምናልባት ከመካከላችንም ይኖራሉ። ስለዚህም ነው ስድቡ የሚያሳዝነን።

በባህል ምሽታችን ትዝታ ሲዘፈን ቆመን እናጨበጭባለን፤ በማግስቱ በመኝታ ክፍላችን «አዝማሪ» እያልን እንሰዳደባለን። የጭብጨባውና የስድቡ ባለቤት አንድ ሰው መሆኑን እንረሳለን። ስለዚህ ለማኅበራችን የምናቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። ከሞጆ እስከ አዋሽ፣ ከወንጂ እስከ ቆቃ ያሉ አሮጊቶች የሚያውቁትን ዘፈን፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ በሕይወት ሳሉ እየዞርን እንቅረጽ፤ ከእያንዳንዱ ዘፈን ጋርም፣ ከፈቀዱ፣ የዘፋኟን ስም እንጻፍ።

ከቆቃ ልንነሣ ስንል ያ ጓደኛችን ተመልሶ፣ «እትዬ፣ ክራሩ ጅማት ቢገኝለት ይጫወቱልናል?» አላቸው። «እጄ ረስቷል፤ ጅማቱን አምጣና እንሞክረዋለን» አሉት። ጅማቱን ገዝተናል። ለፋሲካ ዕረፍት አብሮን የሚወርድ ካለ ስሙን በማኅበሩ ቢሮ ያስመዝግብ።